ደብተሩን ማን ይረም? ለቋንቋ ክፍል የሰው ሠራሽ አስተውሎት እርማትን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር አምስት ሴክሽን ያስተምራል እንበል። በየሴክሽኑ 60 ተማሪ አለ። ሁሉም አንድ አንድ ገጽ ድርሰት ቢጽፉ 300 ገጽ ይሰበሰባል። ለአንዱ ገጽ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢመደብለት 25 ሰዓት ያለ እረፍት ማረም ይጠይቃል። ይህን በየሳምንቱ የሚያደርግ መምህር የለም፤ ይኑር ብሎ መጠበቅም ግፍ ነው። ስለዚህ የሚሆነው የታወቀ ነው። ድርሰት በሴሚስተር አንዴ ወይም ሁለቴ ይጻፋል፤ ደብተሩ ላይ ቀይ ፊርማና ቀን ያርፍበታል፤ ተማሪውም ምን እንደተሳሳተ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሻገራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ መሆኑ ደግሞ መጻፍን ጭራሽ ወደ ዳር ገፍቶታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በዚያው በእንግሊዝኛ ነው።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ክፍተት ባለቤት ያገኘ መስሏል። ማሽኑ 300ውን ገጽ በደቂቃዎች ያነባል፤ አይደክመውም፣ አያማርርም። ይሁንና «እንጠቀምበት ወይስ እንከልክለው?» የሚለው ክርክር መምህሩን የትም አያደርሰውም፤ ምክንያቱም በዚህ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። አንዱ ለተማሪው መልሱን ያጎርሰዋል፣ ሌላው ስህተቱን ብቻ ያሳየዋል፣ ሦስተኛው ተማሪውን ሳያገኝ ለመምህሩ ያገለግላል። የማነጻጽረው እነዚህን ነው። የጻፍኩት በዋናነት በአገር ቤት እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ ቢሆንም፣ በውጭ አገር ለልጆች አማርኛ የሚያስተምሩም የሚመለከታቸው ክፍል አለ።

ከሁሉ በፊት፦ ሥራው በማን እጅ ይቀራል?

መሣሪያ ለመምረጥ የምጠቀምበት ሚዛን አንድ ነው፤ እርማቱ ከተሰጠ በኋላ የሚያስበው ማን ነው? ተማሪው ወይስ ማሽኑ?

በቱርክ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። ትምህርቱ ሒሳብ ስለሆነ ለቋንቋ እንዳለ አይገለበጥም፤ ግን ልብ ማለት ያሻል። ተራውን ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ፣ በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም) እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ተማሪዎች በልምምድ ሰዓት 48 በመቶ የተሻለ ሠሩ። ማሽኑ ተወስዶባቸው ለብቻቸው ሲፈተኑ ግን ጭራሹን ካላገኙት ጓደኞቻቸው 17 በመቶ ዝቅ አሉ። ለሌላ ቡድን የተሰጠው ቻትቦት ደግሞ መልሱን እንዳይናገር፣ መምህራን ያዘጋጁትን ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር። እነዚህኞቹ በልምምድ 127 በመቶ በልጠው ታዩ፤ በፈተናውም ማሽኑን ካላገኙት አላነሱም። ማሽኑ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንዲያደርግ መታዘዙ ነው።

የቋንቋ መምህራን ይህን ከማሽን በፊትም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በካናዳ ሞንትሪያል አካባቢ የፈረንሳይኛ ክፍሎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። መምህራኑ ከሰጡት እርማት 55 በመቶው የልጁን የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር በትክክለኛው መልክ ደግሞ መናገር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ለዚህ ዓይነቱ እርማት ምላሽ የሰጡት ሲሶ ያህሉን ጊዜ ነው፤ ቀሪውን እንደዋዛ አሳልፈውታል። መምህሩ ቆም ብሎ «እንዴት ነበር የምንለው?» ሲል ግን ልጁ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሞክራል። ቻትቦት ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው፤ አስተካክሎ ያስረክባል።

ሚዛኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንሞክረው። ስለ ቤተሰብህ ጻፍ የተባለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ የሚገርመው መምህር የለም፦ «ኦልዞው ማይ ማዘር ኢዝ ፑር፣ በት ሺ ሴል ኢንጀራ ኤንድ ቲች ሚ»። ሦስት ነገር አለበት። «ኦልዞው» እና «በት» ተደራርበዋል፤ «ምንም እንኳ ድሃ ብትሆንም ግን» ከሚለው አነጋገራችን የመጣ ነው። ግሦቹ ላይ የሦስተኛ መደብ «ኤስ» የለም። ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። ልጁ ሊል የፈለገው እናቱ እንጀራ ሸጣ እንደምታስተምረው ነው፤ ደብተር ትገዛለታለች፣ ክፍያውን ትከፍልለታለች። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ግን ሴትዮዋ ከእንጀራው ጎን ለጎን ቁጭ ብላ ልጇን የምታስጠናው ይመስለዋል።

ሰዋስው አራሚዎች

ግራመርሊ (እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ)፣ ላንጉጅቱል እና በዎርድ ውስጥ ያለው አራሚ እዚህ ይመደባሉ። ከስህተቱ ሥር ያሰምራሉ፤ ሲነኩት ማስተካከያውን ያቀርባሉ። ከላይ ባለው ዓረፍተ ነገር የጎደሉትን «ኤስ» ያገኛሉ፤ የሁለቱ ማያያዣዎች መደራረብም ብዙ ጊዜ አያመልጣቸውም። «ቲች ሚ» ላይ ሲደርሱ ግሡን ያስተካክሉና ያልፋሉ። ሰዋስዉ ከቀና ለእነሱ ጉዳዩ አልቋል፤ እናትየው አስጠኚ ሆና ቀረች።

ጥሩ ጎናቸው ጨዋነታቸው ነው። የልጁን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ነቅለው በሌላ አይተኩም፤ ዛሬ ስህተት ያሉትን ነገ ትክክል አይሉም። ግራመርሊ አሁን ሙሉ አንቀጽ የሚጽፍ አገልግሎት ጨምሯል፤ ለክፍል ሲሆን ይህን ከማስተካከያው ገብቶ መዝጋት ይሻላል። ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚመቸው ላንጉጅቱል ነው። ክፍት ምንጭ ስለሆነ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒውተሮቹ ኖረው መስመሩ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ተማሪው ሳያነብ መቀበሉ ነው። መስመር ባየ ቁጥር እየነካ ያጠፋና በሁለት ደቂቃ ንጹሕ ገጽ ይዞ ይመጣል፤ ምን እንዳጠፋ ብትጠይቁት አያውቅም። መድኃኒቱ የስህተት መዝገብ ነው። ተማሪው በደብተሩ ጀርባ ገጹን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል የራሱን፣ በሌላው የታረመውን ይጽፋል፤ ከሥሩ በአማርኛም ቢሆን በአንድ መስመር ምክንያቱን ያስቀምጣል። ምክንያቱን መጻፍ ያልቻለውን እርማት አይቀበልም። አሰልቺ ነው፤ የሚሠራውም አሰልቺ ስለሆነ ነው።

ቻትቦት በተማሪው እጅ

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክሎድ፣ ኮፓይሎት። ተማሪው ያንኑ ዓረፍተ ነገር አስገብቶ «አርምልኝ» ቢል የሚያገኘው በአማርኛ ሲመለስ ወደዚህ የሚጠጋ ነው፦ «ኑሯችን ፈታኝ ቢሆንም እናቴ በእንጀራ ንግድ በምታገኘው ገቢ ትምህርቴን በጽናት ትደግፋለች።» እንግሊዝኛው ያማረ ነው፤ ልጁ ግን በውስጡ የለም። «እናቴ ድሃ ናት» ብሎ በግልጽ የተናገረው ልጅ «ኑሯችን ፈታኝ» ወደሚል የሪፖርት ቋንቋ ተዛውሯል። ስልሳ ተማሪ እንዲህ ሲያደርግ ስልሳ ድርሰት በአንድ ሰው ድምፅ ተጽፎ ይመጣል፤ በየአንቀጹ አንድ ዓይነት ቅጽል፣ አንድ ዓይነት መደምደሚያ።

ሌላውን ጎኑንም መካድ አይገባም። እጁን አውጥቶ መጠየቅ የሚያፍር ተማሪ አሥር ጊዜ ቢጠይቀው አይቆጣውም። «ለምን?» ሲለው በአማርኛ ሊያስረዳው ይሞክራል። ስለ ትርጉም መነጋገር ስለሚችልም፣ ከሰዋስው አራሚዎች በተለየ፣ «ቲች ሚ» ላይ ሊቆም ይችላል። እንዲቆም ግን መታዘዝ አለበት። ትእዛዙን መምህሩ አዘጋጅቶ ለተማሪው ይስጥ፤ ለተማሪው ምርጫ አይተው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። አንቀጼን አታርምልኝ፣ እንደገናም አትጻፍልኝ። በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ሁለት ስህተቶች ብቻ ምረጥ። የት እንዳሉ አሳየኝና ስለ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥያቄ ጠይቀኝ። ሞክሬ ስመልስ ትክክል መሆን አለመሆኔን ንገረኝ። ልል የፈለግኩት ግልጽ ካልሆነልህ አትገምት፤ ጠይቀኝ።»

ሁለት ብቻ የተባለው ሆን ተብሎ ነው። ሃያ ስህተት በአንዴ የተነገረው ልጅ አንዱንም አይዝም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የገባችው ለእንጀራ ሻጯ እናት ስትባል ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። አንደኛ፣ ተማሪው ቤቱ ሄዶ ትእዛዙን ሊሰርዘው ይችላል፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ ቻትቦት በመምህሩ ፊት፣ በክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር ለእርማት የሚሆን መሣሪያ ነው ብዬ አላምንም። ሁለተኛ፣ ስህተት ፈልግ ከተባለ ስህተት በሌለበትም ይፈልጋል፤ ደህና የነበረውን ዓረፍተ ነገር «ይበልጥ ተፈጥሯዊ ለማድረግ» ይነካካዋል። የሰዋስው ሕግ ሲያስረዳም አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ይህን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሦስተኛ፣ ዕድሜ። ቻትጂፒቲ በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም፤ ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለክፍል ውስጥ አጠቃቀም የ13 ዓመትን ዝቅተኛ ገደብ መክሯል። አራተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስልክና ዳታ ያለው ተማሪ አለ፣ የሌለው አለ። የቤት ሥራ በቻትቦት አሳርማችሁ ኑ ማለት ለገሚሱ ክፍል ብቻ ማስተማር ነው።

ማሽኑ ለመምህሩ ሲሠራ

ለአብዛኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት የምመርጠው ይህንን ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ተማሪዎች በወረቀት ይጽፋሉ። ስልክ የሚያስፈልገው መምህሩ ብቻ ነው። ከየሴክሽኑ አሥር አሥር ወረቀት ይመዘዛል፤ ከጎበዞቹም፣ ከመካከለኞቹም፣ ወደ ኋላ ከቀሩትም። ስም ያለበት ጥግ ይታጠፍና ወረቀቱ ፎቶ ተነሥቶ ለቻትቦቱ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። ቻትቦት የእጅ ጽሑፍ ሲያነብ ስህተቱን ሳይናገር አርሞ የመገልበጥ ልማድ አለው። ልጁ «ሺ ሴል» ብሎ የጻፈውን «ሺ ሴልስ» አድርጎ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ የግሥ ስህተት አለ ወይ ሲባል የለም ይላል፤ ከራሱ ግልባጭ አንጻር ልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ፊደል በፊደል ገልብጥ፣ አንድም ስህተት አታስተካክል፣ ያልተነበበህን ቃል በጥያቄ ምልክት ተው» ብሎ ማዘዝ፣ ቀጥሎም ጥቂት ወረቀቶችን ከዋናው ጋር ማመሳከር የግድ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር የተማሪዎቹን ስህተት አያሳይም።

ግልባጩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው። በእነዚህ 50 ወረቀቶች ውስጥ ደጋግመው የታዩት ሦስት ስህተቶች የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዳቸው ከወረቀቶቹ አራት አራት ዓረፍተ ነገር ጥቀስ። የተጠቀሱት በእርግጥ ከልጆቹ ወረቀት የመጡ መሆናቸውን አይታችሁ አረጋግጡ፤ ቁጥሩን ለመሙላት ራሱ ፈጥሮ የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ማሽኑ «ትርጉሙ ግልጽ ያልሆነ» ብሎ ለብቻ የሚያስቀምጣቸውን ዓረፍተ ነገሮች ማስወጣትም ጠቃሚ ነው። አማርኛ የሚያውቅ መምህር ከዚያ ክምር ውስጥ «ቲች ሚ»ን ሲያይ ወዲያውኑ ይገባዋል። እንዲህ ዓይነቱን ከልጁ አፍ መፍቻ ቋንቋ የመጣ ስህተት ለይቶ ማወቅ መምህሩን ከማሽኑ የሚያስበልጠው ችሎታ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎች ባሉበት ክፍልም ያው ነው።

በማግስቱ ዓረፍተ ነገሮቹ ያለ ስም ሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ። «እናትህ መምህርት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ክፍሉ ይስቃል፤ ከዚያ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ራሳቸው ይፈልጋሉ። የመጨረሻው እርምጃ ዋናው ነው። ሁሉም ወደየራሱ ወረቀት ተመልሶ ከሦስቱ ስህተቶች የትኛው እንዳለበት ይፈልግና በራሱ እጅ ያርማል። እንዲህ ሲሆን 50 ወረቀት ተነብቦ 300 ተማሪ ግብረ መልስ አገኘ ማለት ነው። መምህሩም የሚያጠፋው 25 ሰዓት ቀርቶ አንድ ምሽት ነው።

የአንድ የአንዱን ተማሪ ግብረ መልስ ረቂቅም ማሽኑ ሊያዘጋጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሠለጠኑ ሰዎች የተጻፉ 200 ግብረ መልሶችን በቻትጂፒቲ ከተጻፉ 200 ጋር አወዳድሮ ነበር። ከአምስት መለኪያዎች በአራቱ ሰዎቹ በለጡ፤ ማሽኑ በጥቂቱ የተሻለው አስተያየቱን ከመመዘኛው ጋር በማያያዝ ብቻ ነው። ልዩነቱ ግን ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። በተጨማሪም የተወዳደረው ጊዜ ከተሰጣቸው አራሚዎች ጋር ነው። ማታ አምስተኛውን ሴክሽን የሚያርም የደከመ መምህር ቢወዳደር ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ትቸዋለሁ።

ጥንቃቄ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪን ማንነት የሚገልጽ መረጃ ጉዳይ የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ስም መሸፈን አይበቃም። ልጆች በድርሰት የአባታቸውን ሕመም፣ የቤታቸውን ጠብ ይጽፋሉ። ለማሽን የምትሰጡት ድርሰት ርእሱ ስለ ገበያ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ አንድ በዓል ይሁን፤ ጓዳ የሚገባውን ርእስ ለራሳችሁ ዓይን አስቀሩት።

ንባብና አነጋገር

የማይክሮሶፍት ሪዲንግ ፕሮግረስ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በኩባንያው የስብሰባና የትምህርት መድረክ በቲምስ ውስጥ ያለ ነው። ተማሪው ጮክ ብሎ ሲያነብ ይቀርጻል፤ የዘለለውን፣ የጨመረውን፣ የተሳሳተውን ቃልና በደቂቃ ያነበበውን የቃላት ብዛት ለመምህሩ ያሳያል። ጉግል ሪድ አሎንግ እ.ኤ.አ. በ2019 በህንድ «ቦሎ» በሚል ስም የተጀመረ የልጆች የንባብ መለማመጃ ነው፤ ታሪኮቹ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ታስቦ ነው የተሠራው። ኤልሳ ስፒክ ደግሞ ድምፅ በድምፅ አነጋገርን ያርማል።

ለንባብ ፍጥነት ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ጥሩ ናቸው። ለአነጋገር ማርክ ግን አንዱንም አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የአምስት ታላላቅ ኩባንያዎችን ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ቴክኖሎጂ ሲፈትሽ፣ የነጭ አሜሪካውያንን ንግግር ሲጽፍ 19 በመቶ ቃል የሚስት ሲሆን የጥቁር አሜሪካውያንን ሲጽፍ 35 በመቶ ይስታል። እነዚህ ሰዎች አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው! ታዲያ «እስኩል» የሚለው የደብረ ብርሃን ልጅ ምን ይጠብቀዋል? አነጋገሩ ለሰሚ ግልጽ ከሆነ «እ»ዋን ለመንቀል ሴሚስተር ማባከን አያስፈልግም። አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ ስልሳ ልጅ ባንድ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያነብ ማይክሮፎኑ የማንን ድምፅ እንደሚይዝ አይታወቅም።

ያለ ማሽን

ይህም አማራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቻትቦትን በተማሪው እጅ ከመተው ይሻላል። ተማሪዎች ተለዋውጠው ይተራረማሉ፤ ሁሉንም ስህተት እንዲፈልጉ ሳይሆን በዚያ ቀን የተማሩትን አንዱን ብቻ። ዛሬ የግሥ ጊዜ፣ በሚቀጥለው አርቲክል። ስህተቱን አያርሙም፤ በኅዳጉ ምልክት ብቻ ያደርጋሉ። ባለቤቱ ያርመዋል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ደስ የማይል ትዝታም ያተረፈ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የቡድኑ መጠን ልክ ነው። መብራት ሲጠፋም አይቋረጥም።

አማርኛ ለሚያስተምሩ

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ከተሞች በሰንበት ትምህርት ቤትና በማኅበር አዳራሽ ለልጆች አማርኛ የምታስተምሩ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ በግማሽ ቀንሳችሁ አንብቡት። ግራመርሊ አማርኛ አያውቅም። ቻትቦቶቹ ያውቃሉ፤ ነገር ግን የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ አማርኛቸው ብዙ ጊዜ የትርጉም አማርኛ ነው። አልፎ አልፎ የሌለ ቃል ይፈጥራሉ። አገር ቤት ያደገ ሰው ይስቅና ያልፈዋል፤ ሌላ የሚሰማው አማርኛ የሌለው ልጅ ግን አርአያ አድርጎ ይይዘዋል።

«እናቴ መጣ» ብሎ የጻፈን ልጅ ቻትቦት ያርመዋል። «አያቴ መጣ» ቢል ግን ምን ይላል? ሰዋስዉ ሙሉ ነው፤ በብዙ ቤት ግን አያት «መጡ» እንጂ «መጣ» አይባሉም። አንቱታ ከቤት ቤት የሚለያይ ስለሆነ ማሽኑ የዚያን ቤት ሕግ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም በፊደላችን አይለይም፤ በጽሑፍ የሚታረም ልጅ «ገና» የሚለውን በዓሉንም «እስካሁን»ንም አንድ ዓይነት አድርጎ ቢያነበው የሚነግረው የለም። ስለዚህ ለአማርኛ ክፍል ቻትቦትን ለመልመጃ ማዘጋጃ ብቻ ተጠቀሙበት፤ አሥር ዓረፍተ ነገር አስወጥታችሁ አራቱን ጣሉ፣ ስድስቱን አቅኑ። ለንግግር እርማት ደግሞ የድምፅ መልእክት አለ። ልጁ አንድ ደቂቃ ቀርጾ አገር ቤት ላሉ አያቱ ይላክ፤ እሳቸው መልሰው ይላኩለት። ይህን የሚያክል ግብረ መልስ የሚሰጥ ማሽን እስካሁን አላየሁም።

ገንዘብም ጊዜም የማይገባቸው

«በማሽን የተጻፈ ድርሰት እንለያለን» የሚሉ መፈተሻዎችን አትግዙ፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ለሰባት መፈተሻዎች ሰጥቶ ነበር። በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑት በማሽን የተጻፉ ተብለው ተፈረደባቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቃላቱ ጥቂትና የተለመዱ የሆኑ ጽሑፍ ለመፈተሻው የማሽን ይመስለዋል፤ የቋንቋ ተማሪ ደግሞ የሚጽፈው እንዲያ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራውን መፈተሻ በዚያው ዓመት በሐምሌ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ አንሥቶታል።

ማርክ ማሰጠትም ያው ነው። አንዱን ድርሰት ጠዋትና ማታ ብትሰጡት ሁለት ውጤት ሊመጣ ይችላል። የተከታታይ ምዘና ውጤት ላይ የሚፈርመው መምህሩ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩም የእሱ ይሁን።

እንግዲህ የትኛው?

ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ያለው የመምህሩ ስልክ ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ ለመምህሩ የሚሠራበትንና ያለ ማሽን የሚደረገውን በየተራ። የኮምፒውተር ክፍል ኖሮ ኢንተርኔቱ የማይታመን ከሆነ፣ ላንጉጅቱል ከስህተት መዝገብ ጋር። ሁሉም ተማሪ መሣሪያ በሚይዝበት የግል ትምህርት ቤት ቻትቦቱን ከላይ ባለው ትእዛዝ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ረቂቅ በእጅ ተጽፎ ያልቅ፣ ከዚያ ማሽኑ ይጠየቅ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ረቂቅ ይጻፍ፤ ተማሪው ሁለቱን ረቂቆችና ከማሽኑ ጋር የተጻጻፈውን በአንድ ላይ ያስረክብ። ማርኩ በሁለቱ ረቂቆች መካከል ባለው ለውጥ ላይ ይሁን። ለታችኛው አንደኛ ደረጃ የንባብ መለማመጃ ካልሆነ በቀር ምንም። ለኮሌጅ ተማሪና ለሠራተኛ የፈለገውን ይምረጥ፤ አዋቂ ሰው የተሰጠውን እርማት ለመጠርጠር አቅም አለው።

የመረጣችሁትን ከመጀመራችሁ በፊት ግን አምስት የቆዩ ወረቀቶች ፈልጉ፤ ራሳችሁ ያረማችኋቸውና ስህተታቸውን በቃል የምታውቋቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ከአምስቱ አንዱ ምንም ስህተት የሌለበት ይሁን። ለመሣሪያው ስጡና የእሱን እርማት ከቀዩ እስክሪብቷችሁ ጎን አስቀምጡ፤ ስንቱን አገኘ፣ ስንቱን አለፈ፣ በንጹሑ ወረቀት ላይስ ስንት ስህተት ፈጠረ። መሣሪያዎቹ በየጊዜው ስለሚለወጡ ፈተናውን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በእነዚያው ወረቀቶች ድገሙት።